የቮልስ ቫልቭ በፊለር ጌጅ እንዴት ይስተካከላል፣ ፊለር ጌጁስ እንዴት ይያዛል

ቮልሳችሁ ከኋላ ቲክ ቲክ ሲል አትደንግጡ። የሚያስፈራው ዝም ሲል ነው። ብዙ ሰው ግን ተቃራኒውን ነው የሚያስበው። ጋራዥ ይገባና «ይቺን ድምፅ አጥፉልኝ» ይላል፣ ሜካኒኩም ደንበኛውን ደስ ለማሰኘት ቫልቩን ጠበቅ ያደርገዋል፣ መኪናዋ ጸጥ ብላ ትወጣለች፣ ከጊዜ በኋላ ግን አስወጪው ቫልቭ (የተቃጠለውን ጋዝ የሚያስወጣው በር) ተቃጥሎ ቴስታታ (ቫልቮቹ ያሉበትን የሞተር ራስ) ማውረድ ይመጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አስወጪ ቫልቭ ሙቀቱን በዋናነት የሚያራግፈው ተዘግቶ መቀመጫው ላይ ሲያርፍ ነው። በቫልቩ ጫፍና ቫልቩን በሚገፋው ክንድ (ሮከር) ብሎን መሃል ያለው ክፍተት ከጠበበ ሞተሩ ሲሞቅ ቫልቩ በደንብ አይዘጋም። ካልተዘጋ አይቀዘቅዝም፣ በዚያ ላይ የሚነደው ጋዝ በቀጭኗ ቀዳዳ እየሾለከ ጠርዙን ይበላዋል። ከላላ ደግሞ ይንኳኳል፣ ጉልበትም ትንሽ ይቀንሳል። ጥሩ አይደለም፣ ግን ቶሎ ሞተር አይገድልም። እኔ ከተጠራጠርኩ ሁልጊዜ ወደ ላላው ነው የማደላው።

በአብዛኞቹ የቮልስ ሞተሮች ክፍተቱ ለአስገቢውም ለአስወጪውም 0.15 ሚሊሜትር ነው፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ። ፋብሪካው ራሱ ቀደም ሲል 0.10 ይል ነበር፣ በኋላ ነው ወደ 0.15 ከፍ ያደረገው። ይህን ክፍተት በዓይን ገምቶ የሚመታ ሰው የለም፣ «እጄ ያውቀዋል» የሚል ሜካኒክም ቢሆን። ፊለር ጌጅ ያስፈልጋል፤ በአንድ ጫፍ የታሰሩ፣ እያንዳንዳቸው ውፍረታቸው የተጻፈባቸው ስስ የብረት ቅጠሎች።

ስትገዙ ሁለት ነገር ብቻ እዩ። አንደኛ ቁጥሩ በሚሊሜትር ነው ወይስ በኢንች? በኢንች ከሆነ የምትፈልጉት ‎.006‎ የተጻፈበትን ነው፣ እሱ 0.15 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሁለተኛ 0.15 ራሱ መኖሩን አረጋግጡ፣ 0.10 ላይ ቆሞ ወደ 0.20 የሚዘል አለና። እርግጥ 0.10 እና 0.05 ደርቦ 0.15 ማድረግ ይቻላል፣ ግን በመሃላቸው ዘይት ወይም ቆሻሻ ከገባ ልኩ ይበላሻል። አንድ ቅጠል እያለ ሁለት አትደርቡ። የግድ ከሆነ ሁለቱንም በንጹህ ጨርቅ ጥርግ አድርጋችሁ አጣብቁ።

አሁን ወደ ስራው። መኪናዋ ማታ ቆማ አድራ ጠዋት ላይ ነው የሚሰራው፤ «ሁለት ሰዓት ቀዝቅዟል፣ ይበቃዋል» ማለት አይሰራም። ሜዳ ላይ አቁሙ፣ ማርሽ ዜሮ፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ጎማ ስር ድንጋይ አድርጉ። ካንዴላዎቹን ብትፈቱ ሞተሩ በእጅ ሲዞር ይቀላል። የቫልቭ ክዳኑን የያዘውን ወፍራም ሽቦ በካቻቢቴ ወደ ታች ስትጫኑት ይለቃል። ትንሽ ዘይት ይፈሳል፣ ከስር እቃ አስቀምጡ።

የዲስትሪቢዩተሩን (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን) ክዳን አንሱ። የዳይናሞውን ዳዶ በ21 ቁልፍ ይዛችሁ ሞተሩን አዙሩ፣ ሮተሩ (በውስጡ የሚዞረው ጣት) በዲስትሪቢዩተሩ ከንፈር ላይ ወዳለችው ትንሽ ጭረት እስኪያመለክትና የታችኛው ፑሌጃ (የቺንጋው መዘውር) ምልክት ከሞተሩ መጋጠሚያ መስመር ጋር እስኪገጥም ድረስ። ይሄኔ የአንደኛው ሲሊንደር ፒስተን ጫፍ ላይ ነው፣ ሁለቱም ቫልቮቹ ተዘግተዋል። አንደኛው በቀኝ በኩል፣ ወደ መኪናዋ ፊት የሚጠጋው ነው። ከኋላው፣ ወደ መከላከያው ያለው ሁለተኛው። በግራ ደግሞ የፊቱ ሦስተኛ፣ የኋላው አራተኛ። በእያንዳንዱ ቴስታታ መሃል ላይ ጎን ለጎን ያሉት ሁለቱ አስገቢ ናቸው፣ ዳር ዳር ያሉት አስወጪ።

አንደኛውን ጨርሳችሁ ፑሌጃውን ወደ ኋላ፣ ማለትም ከሰዓት አቆጣጠር በተቃራኒ ግማሽ ዙር ስታዞሩ ሁለተኛው ይመጣል፣ በሌላ ግማሽ ሦስተኛው፣ በሌላ ግማሽ አራተኛው። የእሳቱ ቅደም ተከተል 1-4-3-2 ስለሆነ ወደ ኋላ ሲዞር 1-2-3-4 ይሆናል፣ ለማስታወስም ይቀላል።

መለካቱ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ቅጠሉን ዘይት በነካው ጨርቅ ጠርጉና በሮከሩ ብሎን እና በቫልቩ ጫፍ መሃል ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡ። ካዘነበለ ወይም ከታጠፈ ክፍተቱ ትክክል ሆኖ ሳለ ጠባብ ይመስላችኋል። የሚፈለገው ስሜት ከባድ መጽሐፍ ውስጥ የገባ ወረቀት ስትስቡ የሚሰማችሁ ዓይነት ነው፤ ይሄዳል፣ ግን ትንሽ ይዞ ይለቃል። ቅጠሉ ብቻውን የሚወዛወዝ ከሆነ ላላ ነው። ለማስገባት ጉልበት ከጠየቀ ጠብቋል።

«ትንሽ ይዞ» የሚለው ግን ከሰው ሰው ይለያያል፣ የእኔ ትንሽ የእናንተ ብዙ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። 0.15 ይገባል፣ 0.20 አይገባም። ይህ ከሆነ ጨርሳችኋል። 0.15 ገብቶ 0.20ም ከገባ ሰፍቷል፤ 0.15 እምቢ ካለ ጠብቋል። ክርክር የለውም። ማይክሮሜትር (ውፍረት በትክክል የሚለካ መሣሪያ) የሚያገኝ ሰው ደግሞ ወደ 0.15 ከፍቶ ያንኑ ቅጠል ቢስብበት እጁ ስሜቱን ቶሎ ይለምደዋል።

ማስተካከሉ፦ ዳዶውን በ13 ቁልፍ ላላ አድርጉ፣ ብሎኑን በካቻቢቴ እያዞራችሁ ልኩ ላይ አድርሱት፣ ከዚያ ካቻቢቴውን ሳታንቀሳቅሱ ዳዶውን አጥብቁ። እና እንደገና ለኩ! ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑን ይዞት ይዞራል፣ ሁሌም። መጀመሪያ ላይ ልክ የነበረው ከጠበቀ በኋላ 0.10 ሆኖ ቁጭ ይላል። እንደገና አለመለካት ነው ብዙ ቫልቭ ያቃጠለው።

ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ ቀስ በሉ። በቀድሞዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው በአየሩ መንገድ ላይ ስለሚቆም እሱ ከሌሎቹ ይበልጥ ይሞቃል። አንዳንድ የድሮ ሜካኒኮች የእሱን አስወጪ ብቻ ወደ 0.20 ያላሉታል፣ እኔም አልቃወማቸውም። በየጊዜው እየጠበበ የሚገኝ አስወጪ ቫልቭ ካያችሁ ግን እያላሉ መኖር አይደለም፤ ቫልቩ እየተለጠጠ ወይም መቀመጫው እየሰመጠ ነው፣ ሳይቆረጥ መፈታት አለበት።

ሌላ የሚያታልል ነገር አለ። የሮከሩ ብሎን ጫፍ ሲያረጅ መሃሉ ጎድጎድ ይላል። ቅጠሉ ጠፍጣፋ ስለሆነ የጉድጓዱን ከንፈርና ከንፈር ነክቶ ያልፋል፣ ጉድጓዱን አያይም። እናንተ 0.15 ብላችሁ ትነሳላችሁ፣ እውነተኛው ክፍተት ግን ከዚያ ይበልጣል። «ስንቴ አስተካከልኩት፣ አሁንም ይንኳኳል» ለሚል ሰው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። መድኃኒቱ ብሎኑን መቀየር ነው እንጂ ማጥበቅ አይደለም።

ፑንቲናም (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እየተከፈተ እየተዘጋ እሳት የሚያስነሳው መገናኛ) ላይ ያው ነው። አዲስ ፑንቲና በ0.40 ቅጠል ይለካል። ያረጀ ፑንቲና ግን በአንዱ ጎን ጉብታ በሌላው ጉድጓድ ያወጣል፣ ጠፍጣፋ ቅጠል ጉብታው ላይ ተደግፎ የውሸት ቁጥር ይሰጣል። አዲስ ግዙ፣ ዋጋው ከዚህ ሁሉ ጣጣ አይበልጥም። ፑንቲና ላይ ደግሞ ዘይት የነካ ቅጠል አይገባም፤ ዘይቱ ተቃጥሎ እሳቱን ያዳክመዋል። ክፍተቱ ከተነካ ታይሚንግም (እሳቱ የሚነሳበት ጊዜ) ይነካል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ክፍተት፣ ቀጥሎ ታይሚንግ። ካንዴላው ከ0.6 እስከ 0.7 ነው፣ ላረጀ ካንዴላ ከጠፍጣፋው ይልቅ በሽቦ የሚለካው ጌጅ ይሻላል።

ክዳኑን ስትመልሱ ጋስኬቱን ቀይሩ። በየ5,000 ኪሎሜትሩ፣ ዘይት ስትቀይሩ ይህን ሁሉ ድገሙት።

ስለ መሣሪያው ራሱ፦ ቀጭኖቹን፣ በተለይ ከ0.10 በታች ያሉትን፣ አትግፉ፤ ይሸበሸባሉ። ጫፉን ብቻ አስገብታችሁ ጎትቱ፣ ወይም ሁለት ወፍራሞች መሃል አድርጋችሁ ተጠቀሙ። ቅጠሉ ውስጥ እያለ ሞተር አይዞርም። በፊለር ጌጅ ጋስኬት መፋቅ፣ ቀለም ጣሳ መክፈት፣ ቆሻሻ መቆርቆር... ይህን ሲያደርግ የያዛችሁት ሰው ካለ ሁለተኛ እንዳታውሱት። ጫፉ ላይ የምትወጣ ትንሽ ሻካራ ነገር ልኩን ታሳስታለች፤ በዘይት ድንጋይ ቀስ ብላችሁ ጠፍጣፋውን አስተኝታችሁ አንሷት፣ በሞረድ ግን አይሆንም።

የእጅ ላብ ያዝገዋል። ስራ ሲያልቅ አንድ በአንድ ጠርጉና ስስ የሞተር ዘይት ቀቡት፣ ከቁልፎቹ ጋር ሳጥን ውስጥ ሳይሆን ለብቻው አስቀምጡ። የዛገን ቅጠል በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ውፍረቱን ይቀንሳል፣ ቁጥሩ ግን እንዳለ ይቀራል፤ 0.15 ተብሎ የተጻፈበት 0.13 ሊሆን ይችላል፣ ያ ደግሞ ወደ ጠባቡ፣ ወደማንፈልገው በኩል ነው የሚያሳስተን። የዛገ ወይም የታጠፈ ቅጠል ካለ ማሰሪያውን ብሎን ፈታችሁ እሱን ብቻ አውጡና ጣሉት፣ የቀሩት መስራታቸውን ይቀጥላሉ።