የአሮጌ ኔትወርክ ድራይቨር የፓኬት መላኪያ ኮድ እንዴት ይጸዳል?

እጄ የገባው ድራይቨር በዚፕ ፋይል የመጣ ነበር። የኔትወርክ ካርዱን የሠራው ድርጅት ጽፎ ተወው፤ ወደ ሊኑክስ ከርነል ዋና ኮድ ገብቶ አያውቅም። ፓኬት የሚልከው ፋንክሽን ብቻውን ከ300 መስመር በላይ ነው። ግማሹ የ2.4 ዘመን ከርነልን ለማስደሰት የተጻፈ ነው። እኔም ጎበዝ ነኝ ብዬ በአንድ ሌሊት ከስር ከመሠረቱ ገለባበጥኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ጠዋት ላይ ፒንግ ይሠራል፤ ትልቅ ፋይል ሲላክ ግን ማሽኑ ድርቅ ይላል። የቱ ለውጥ እንዳበላሸው ለማወቅ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ሁሉም አንድ ኮሚት ውስጥ ነበራ!

ስለዚህ መጀመሪያ የመጣውን ኮድ ምንም ሳትነኩ ጊት ውስጥ አስገቡት። ከዚያ ካሳን (የሜሞሪ ስህተት የሚያጋልጥ)፣ ሎክዴፕ (የሎክ አያያዝ ስህተት የሚያጋልጥ) እና የዲኤምኤ ዲበግ (ዲኤምኤ ካርዱ ሜሞሪን በቀጥታ የሚያነብበትና የሚጽፍበት መንገድ ነው) የበሩበት የሙከራ ከርነል ገንቡ። ማሽኑ ይንቀራፈፋል፤ ግድ የለም። ካርድ ከሌላችሁና መለማመድ ብቻ ከፈለጋችሁ፣ ኪውኤሙ የተባለው የምናባዊ ማሽን ፕሮግራም ሪልቴክ 8139 የተባለውን ካርድ አስመስሎ ያቀርብላችኋል። ለጀማሪ እሱን እመርጣለሁ። የመላኪያ ቦታው 4 ብቻ ስለሆነ ቶሎ ይሞላል፤ ስህተትም ቶሎ ይጋለጣል።

ቀጥሎ መልኩን አስተካክሉ። ክፍተቱን፣ የሞተውን ኮድ፣ ለድሮ ከርነል የተቀመጠውን ሁሉ አውጡ። የኮድ አጻጻፍን የሚፈትሸውን ቼክፓች የሚባለውን ስክሪፕት አሂዱ፤ ያለውን ሁሉ ግን አትታዘዙ። መስመር ረዘመ ብሎ ሲጮህ ኮዱን ከማጣመም ዝም ብሎ ማለፍ የሚሻልበት ጊዜ አለ። ክፍተት ብቻ የነካችሁ ከሆነ፣ በፊትና በኋላ ኮምፓይል አድርጋችሁ የኦብጀክት ፋይሎቹን አወዳድሩ። የዲበግ መረጃ እና የመስመር ቁጥር የሚጠቀም ማክሮ ከሌለ ፍጹም አንድ መሆን አለባቸው። ካልሆኑ ሳታውቁት የሆነ ነገር ነክታችኋል።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። በመላኪያው ፋንክሽን ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ሪተርን ፈልጉና አንድ ነገር ጠይቁ፦ እዚህ ላይ ፓኬቱ የማን ነው?

ሕጉ አጭር ነው። ፋንክሽኑ ኦኬ (NETDEV_TX_OK) ብሎ ከተመለሰ ፓኬቱ የድራይቨሩ ነው። ተላከም ተጣለም፣ ሜሞሪውን የሚያስለቅቀው ድራይቨሩ ነው። ቢዚ (NETDEV_TX_BUSY) ብሎ ከተመለሰ ግን ፓኬቱ የከርነሉ ነው። ከርነሉ ቆይቶ እንደገና ይሞክረዋል፤ ድራይቨሩ ሊያስለቅቀውም ይዞት ሊቆይም አይችልም። አሮጌ ኮድ ውስጥ ይህ ተገልብጦ ታገኙታላችሁ። ሜሞሪውን አስለቅቆ ቢዚ የሚል አይቻለሁ። ያ ማለት ከርነሉ የሌለ ፓኬት እንዲልክ ማዘዝ ነው።

እኔን ያሞኘኝ ግን ሌላው ነው። ድራይቨሩ ቦታ ሲያጣ ሪተርን 1 ይላል። ድሮ የቢዚ ዋጋ 1 ነበር፤ ዛሬ 16 ነው። ከ15 በታች የሆነን ቁጥር ሁሉ፣ ኔጌቲቭ የስህተት ኮድንም ጨምሮ፣ ከርነሉ «ድራይቨሩ ተረክቦታል» ብሎ ይወስደዋል። ድራይቨሩ አልተረከበም። ከርነሉም ረስቶታል። ኮምፓይለሩ ትንፍሽ አይልም፤ ክራሽም የለም። ሜሞሪው ብቻ ቀስ እያለ ያልቃል። ስለዚህ ባዶ ቁጥሩን ሁሉ በስሙ ተኩ። ሜሞሪ ሲጠፋ ወይም የዲኤምኤ ማፒንግ ሲከሽፍ፣ ፓኬቱን አስለቅቁ፣ የተጣሉትን ቆጣሪ በአንድ ጨምሩ፣ ኦኬ ብላችሁ ውጡ።

ማሽኑን ያደረቀው ደግሞ ከርክክቡ በኋላ የነበረች አንዲት መስመር ናት። ዕቃ ለአውቶቡስ ረዳት ሰጥታችሁ፣ መኪናው ከመናኸሪያ ከወጣ በኋላ «ቆይ፣ ክብደቱ ስንት ነበር?» አይባልም። የእኔ ኮድ ይህንኑ ያደርግ ነበር። ፓኬቱን ለካርዱ ካስረከበ በኋላ ለስታቲስቲክስ ብሎ ርዝመቱን ያነባል። በዚያች ቅጽበት ሌላ ሲፒዩ ላይ የማጠናቀቂያው ኢንተራፕት (ካርዱ «ልኬ ጨረስኩ» የሚልበት ምልክት) ደርሶ ፓኬቱን አስለቅቆታል። ፒንግ ሲሆን ይህ አይገጥምም፤ ትራፊክ ሲበዛ ነው የሚመጣው። ካሳን ከፍቼ ቢሆን ኖሮ በአምስት ደቂቃ ይነግረኝ ነበር። ርዝመቱን ቀድማችሁ ያዙ፤ ቆጠራውን ደግሞ ወደ ማጠናቀቂያው ኮድ ውሰዱት። የዴስክሪፕተሩ (ፓኬቱ የት እንዳለ ለካርዱ የሚነግር መዝገብ) የባለቤትነት ቢት ከሁሉ መጨረሻ ይጻፍ፤ ከሱ በፊት የዲኤምኤ ራይት ባሪየር (የጽሑፉን ቅደም ተከተል የሚያስከብር ትእዛዝ) ይቅደም።

ሪንጉ (የዴስክሪፕተሮቹ ክብ ሰልፍ) ሲሞላስ? ሞልቶ ቢዚ እስኪል አትጠብቁ። ቀጣዩ ትልቅ ፓኬት የማይገባ ከሆነ ወረፋውን አሁኑኑ አቁሙ። ካርዱ የተቆራረጠ ፓኬት የሚቀበል ከሆነ፣ በተለመደው የከርነል አወቃቀር እስከ 17 ቁራጭ ሊመጣ ስለሚችል ለቁራጮቹና ለፓኬቱ መነሻ ክፍል ቢያንስ 18 ቦታ ባዶ ይቅር። ካቆማችሁ በኋላ ሜሞሪ ባሪየር አስገቡና ቦታውን እንደገና እዩ። በመሃል ኢንተራፕቱ ሁሉንም አስለቅቆ ሄዶ ከሆነ ወረፋውን የሚቀሰቅሰው ሌላ ማንም የለም። ከርነሉ ሎግ ላይ የሚታየው የኔትዴቭ ዋችዶግ ታይምአውት (ወረፋው ቆሞ ሲቀር የሚወጣ ማስጠንቀቂያ) አንዱ ምንጭ ይህ ነው።

ከ60 ባይት ያነሰ ፍሬም በዜሮ ይሞላ። ድሮ ብዙ ድራይቨሮች ርዝመቱን ብቻ ጨምረው፣ ከጀርባው ያለውን የከርነል ሜሞሪ አብረው ይልኩ ነበር። በ2003 ኢተርሊክ ተብሎ የታወቀው ችግር ይኸው ነው። ከርነሉ ለመሙያ የሚሰጣችሁ ረዳት ፋንክሽን ካልተሳካለት ፓኬቱን ራሱ ያስለቅቃል። እናንተ ደግማችሁ አታስለቅቁ፤ ኦኬ ብላችሁ ውጡ።

ሎኮቹን ለጊዜው ተዋቸው። እነሱ ሌላ የፓች ስብስብ ይፈልጋሉ።

በመጨረሻ ሙከራ። ትራፊክ በሚያመነጩት በአይፐርፍ ትልልቁን፣ በፓኬትጀን ትንንሹን ፓኬት ላኩ። እየላከ ሳለ ኢንተርፌሱን ደጋግማችሁ ዝጉና ክፈቱ፤ ገመዱንም ንቀሉ። ከዚያ ሁሉንም አቁሙና ስላብቶፕ (የከርነል ሜሞሪ አጠቃቀም ማሳያ) ላይ የኤስኬቢ (ከርነሉ ፓኬት የሚይዝበት መዋቅር) ቁጥሩን እዩ። ሙከራውን በደገማችሁ ቁጥር እየጨመረ የሚሄድና የማይወርድ ከሆነ፣ ያልጠየቃችሁት ሪተርን ቀርቷል።