አንዱን አልበም በሁለት መልኩ ማዳመጥ

ካንትሪ የሚባለው የአሜሪካ ዘፈን ሁሉ ለዓመታት አንድ ይሆንብኝ ነበር። ጊታር፣ ባርኔጣ፣ የተሰበረ ልብ፣ አለቀ። ጆሮዬን የከፈተልኝ የዘፋኟ ሻናያ ትዌይን "ከም ኦን ኦቨር" ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ አልበም ነው፤ ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ቢልቦርድ በተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ መጽሔት የካንትሪ አልበሞች ሰንጠረዥ 50 ሳምንት አንደኛ ነበር። በአጠቃላዩ ሰንጠረዥ ግን ከሁለተኛ አላለፈም።

መጀመሪያ የያዛችሁትን እትም ለዩ። አንደኛው ለካንትሪ አድማጭ የተሠራው ነው። ሌላው በኋላ ከሰሜን አሜሪካ ውጭ ላለው ዓለም የወጣው ነው፤ የካንትሪ መሣሪያዎቹ ቀነስ ተደርገው ወደ ፖፕ ተጠግቷል። "ዩር ስቲል ዘ ዋን" የመጀመሪያው ዘፈን ከሆነ የያዛችሁት የውጭውን ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ የውጭውን ይዤ "ታዲያ ካንትሪው የታለ?" እያልኩ ከረምኩ።

አሁን "ዩር ስቲል ዘ ዋን"ን ብቻ በካንትሪው እትም ክፈቱት። የስልክ ስፒከር አይሆንም፤ የምንፈልገው ከጀርባ ስለሆነ የጆሮ ማዳመጫ አድርጉ። አንዴ ለግጥሙ ስሙትና ይውጣላችሁ። በሁለተኛው ዙር ዘፋኟን እርሷት። ከአንዱ ቃና ወደ ሌላው ሳይቆረጥ የሚንሸራተት፣ እንጉርጉሮ የሚመስል ድምፅ ፈልጉ። ፔዳል ስቲል ጊታር ይባላል። ተጫዋቹ ተቀምጦ፣ መሣሪያውን እንደ ጠረጴዛ ፊቱ ዘርግቶ ነው የሚጫወተው። በአንድ እጁ ክሮቹን ይመታል፣ በሌላው የብረት ዘንግ ያንሸራትትባቸዋል። ከሥር ፔዳል ሲረግጥ የአንዳንዱ ክር ቃና ይለወጣል። ኪቦርድ ነው ብዬ ተከራክሬ ያፈርኩበት መሣሪያ ነው።

ወዲያው፣ ሳትነሱ፣ የውጭውን እትም አጫውቱ። ዘፋኟ ያቺው ናት፣ ዜማውም ያው ነው። የጎደለውን ጻፉት።

ቫዮሊን ለመለየት ደግሞ ፈጠን ወዳለው "ዶንት ቢ ስቱፒድ" ሂዱ። የካንትሪ ሰዎች ፊድል ይሉታል፤ እዚያ ዘፈን ላይ ለመስማት ጥረት አይጠይቅም።

16ቱንም ዘፈኖች በአንድ መቀመጫ አትጨርሱ፤ ጆሮ ይሰለቻል። ከበሮው ለምን እንደ ሮክ ከበደ ካላችሁ፣ የአልበሙ ፕሮዲውሰር መት ላንግ ቀድሞ የሮክ ባንዶቹን ኤሲ/ዲሲን እና ዴፍ ሌፐርድን የቀረጸ ሰው ነው። "ይሄ ካንትሪ አይደለም" ብለው የሚያኮርፉ አሉ። እኔ ግን ከበሮው ሲመጣ ድምፁን ከፍ አደርጋለሁ።