ከረጢቱን ገልብጡና ጀርባውን አንብቡ

አረንጓዴ ቅጠል የተሳለበት የአበባ አፈር ከረጢት አንዴ ሸውዶኛል። ፊቱ ላይ «ኦርጋኒክ» ይላል፣ «ተፈጥሯዊ» ይላል። ደስ ብሎኝ ገዛሁት። ቤት ገብቼ ፖቶስ የምትባለውን የቤት ውስጥ ተክሌን ወደ ሌላ ዕቃ ላዛውር ስል ጀርባውን አየሁ። ከተጻፉት ግብአቶች የመጀመሪያው ፒት ነበር።

ፒት ረግረግ ውስጥ አየር አጥቶ፣ በቅጡ ሳይበሰብስ የተከማቸ የተክል ቅሪት ነው። በዓመት የሚጨምረው 1 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። 20 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለውን የአበባ ዕቃዬን ለካሁና ደነገጥኩ፤ 200 ዓመት ገደማ የወሰደ ክምችት ልሞላበት ነበር! እነዚህ ረግረጎች ከዓለም የብስ 3 በመቶ ያህሉን ብቻ ቢሸፍኑም፣ በውስጣቸው ያለው ካርቦን የዓለም ደኖች ከያዙት ይበልጣል። ፒቱን ለማውጣት ረግረጉ ሲደርቅ ያ ካርቦን አየር ውስጥ ይገባል። «ኦርጋኒክ» ማለታቸው እንግዲህ ውሸት አልነበረም፤ ፒትም ከተክል የመጣ ነው። እኔ ነኝ ሌላ ነገር የሰማሁት።

ስለዚህ «ከፒት ነፃ» የሚል ፈልጉ። «ፒት የተቀነሰበት» ከተባለ ፒት አለበት ማለት ነው። ግብአቱን ጭራሽ ያልጻፈ ከረጢት ካጋጠማችሁ ደግሞ እለፉት።

እኔ አሁን በፒት ፋንታ የኮኮናት ቃጫ ነው የምጠቀመው። ከኮኮናቱ ልጣጭ የሚገኝ ተረፈ ምርት ነው። ተጨምቆ እንደ ጡብ ደርቆ ይሸጣል። 650 ግራም የሚመዝነውን ጡብ ሳፋ ውስጥ አድርጌ 4 ሊትር ያህል ውሃ አፈስበታለሁ። መጀመሪያ ምንም አይሆንም። ቆይቶ ጠርዙ ይሰነጠቃል፣ ያብጣል፣ ሳፋውን ይሞላል። ሁሌም ቆሜ አየዋለሁ፤ ሥራ ፈት በሉኝ።

ግን ሁለት ጣጣ አለው። አንደኛ፣ ጨው ሊኖረው ይችላል። «የታጠበ» የሚል ከሌለበት ሁለት ሦስት ጊዜ በንጹህ ውሃ አለቅልቁት፤ አለበለዚያ የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ እየሆነ ይደርቃል። ሁለተኛው እኔን ያስከፈለኝ ነው። ላዩ ደርቆ ታቹ እርጥብ ይሆናል። እኔ ላዩን እያየሁ ሳጠጣ፣ ሳጠጣ የአንዷን ተክሌን ሥር አበሰበስኩት። አሁን ጣቴን እስከ ሁለተኛው አንጓ ሳልከት ውሃ አልነካም።

ቃጫ ብቻውን ምግብ የለውም። እኔ ሁለት ኩባያ ቃጫ፣ አንድ ኩባያ ኮምፖስት (የበሰበሰ የተፈጥሮ ማዳበሪያ)፣ አንድ ኩባያ የዛፍ ቅርፊት ስብርባሪ እደባልቃለሁ። ለቁልቋል ዓይነቶቹ ቅርፊቱን በደንብ አበዛለሁ ወይም ሻካራ አሸዋ እጨምራለሁ። ኮምፖስቱን አሽትቱት። ዝናብ የነካው መሬት ከሸተተ ጥሩ ነው። የሚኮመጥጥ ወይም አፍንጫ የሚሰነፍጥ ከሆነ ገና አልበሰለም። እኔ እንዲያ ያለውን ቸኩዬ ቤት አስገባሁና ውሃ ባጠጣሁ ቁጥር ትንንሽ ዝንቦች ከአፈሩ ብን ይሉብኝ ጀመር።

አፈር ውስጥ የሚደባለቀው ነጩ ፐርላይትስ? የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ እንደ ፈንዲሻ እንዲፈነዳ 900 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይጋላል። ያን ያህል ነዳጅ ለአንድ አበባ ይከብደኛል። ቢሆንም አይበሰብስም፤ ያላችሁን አትጣሉት፣ ደጋግማችሁ ተጠቀሙበት።

ያንን የፒት ከረጢትስ? አልጣልኩትም። ከወጣ ወዲያ መጣሉ ለረግረጉ ምን ይፈይዳል? አሮጌውንም አፈር ቢሆን በሽታ ካልነካው ሥሩን ለቅሜ፣ ሲሶ ያህል ኮምፖስት ጨምሬ መልሼ እተክልበታለሁ። ፖቶሷ አሁንም እዚያው ፒት ውስጥ ናት፤ ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች።