ከመፈረም በፊት፦ የባንክና የአክሲዮን ቃላትን ከነስሌታቸው ስለ መረዳት

ባንክ ቤት የምንሰማቸው አብዛኞቹ ቃላት እንግዳ አይደሉም፤ ወለድ፣ መያዣ፣ ቁጠባ፣ አክሲዮን ሁላችንም የምንናገራቸው ናቸው። ችግር የሚመጣው ቃሉን ስላወቅነው ስሌቱንም ያወቅነው ሲመስለን ነው። ስለዚህ ውል ሲቀርብልዎ እያንዳንዱ ቃል በብር ሲመነዘር ስንት እንደሚሆን ይጠይቁ።

በብድር እንጀምር። አንድ ሰው 100,000 ብር በ18 በመቶ ዓመታዊ ወለድ ተበድሮ በ12 ወራት እኩል ክፍያ ሊመልስ ተስማማ እንበል። ወለዱ እስከ መጨረሻው በመነሻው ብድር ላይ የሚታሰብ ከሆነ 18,000 ብር ይከፍላል። በየወሩ በሚቀረው ዕዳ ላይ የሚታሰብ ከሆነ ግን ወርኃዊ ክፍያው 9,168 ብር ገደማ ሆኖ፣ የዓመቱ ወለድ በድምሩ ከ10,000 ብር ብዙም አይዘልም። በሁለቱም ውሎች ላይ የተጻፈው «18 በመቶ» ነው፤ ልዩነቱ ግን ወደ 8,000 ብር ይጠጋል። ስለዚህ ከወለዱ መጠን በፊት ወለዱ በምን ላይ እንደሚታሰብ ይጠይቁ፤ የየወሩን ክፍያ የሚያሳየውን የአከፋፈል ሰንጠረዥም ሳይፈርሙ ይቀበሉ። የእፎይታ ጊዜ የሚባለው ደግሞ ዋናውን ብድር መመለስ የማይጀመርበት ጊዜ እንጂ ወለድ የማይቆጠርበት ጊዜ እንዳልሆነ ልብ ይበሉ።

በተቀማጭ በኩል ነገሩ ቀለል ይላል። ተንቀሳቃሽ ሒሳብ በቼክ የሚንቀሳቀስና በአብዛኛው ወለድ የማይታሰብበት ሲሆን፣ የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ግን ገንዘቡ ለተወሰነ ጊዜ እንዳይነካ በመስማማት ከቁጠባ የተሻለ ወለድ የሚገኝበት ነው። ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎታል። ይሁንና 100,000 ብርዎ በዓመቱ 107,000 ቢሆንና በዚያው ዓመት የዋጋ ግሽበቱ 10 በመቶ ቢደርስ፣ በ100,000 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ 110,000 ብር ስለሚጠይቅ፣ ደብተሩ ላይ ያለው አኃዝ ቢያድግም የመግዛት አቅምዎ ቀንሷል ማለት ነው። የተቀማጭ ገንዘብ መድን ደግሞ ባንክ ቢወድቅ ለአስቀማጩ እስከ 100,000 ብር የሚሸፍን ሲሆን፣ አክሲዮንን አይመለከትም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን በአክሲዮን ነው። በምሥረታ ላይ ካለ ኩባንያ የ50,000 ብር አክሲዮን የፈረመ ሰው ሩቡን ማለትም 12,500 ብር ከፍሎ፣ ከዚህም በተጨማሪ ለአገልግሎት 2,500 ብር ተጠይቆ 15,000 ብር የሚል ደረሰኝ ይዞ ወጣ እንበል። የተፈረመው 50,000፣ የተከፈለው 12,500 ነው፤ የአገልግሎት ክፍያው በካፒታሉ ውስጥ አይገባም፤ ቀሪው 37,500 ብር ደግሞ ኩባንያው ሲጠራው የሚከፍለው ግዴታ ነው። «የ50,000 ብር አክሲዮን አለኝ» ብሎ የሚያወራውም ያልተከፈለ ዕዳውን እንደ ሀብት እየቆጠረ ነው። ስለሆነም በደረሰኙ ላይ የተፈረመው፣ የተከፈለውና የአገልግሎት ክፍያው ተለያይተው መጻፋቸውን ያረጋግጡ፤ ምሥረታው ባይሳካ የአገልግሎት ክፍያው ይመለስ እንደሆነም አስቀድመው በጽሑፍ ይጠይቁ።

የትርፍ ድርሻም ከወለድ ጋር አንድ አይደለም። ወለድ በውል የተወሰነ ሲሆን፣ የትርፍ ድርሻ የሚከፈለው ኩባንያው ሲያተርፍና ጠቅላላ ጉባኤው እንዲከፋፈል ሲወስን ነው። ስለዚህ «በዓመት ይህን ያህል በመቶ እንከፍላለን» የሚል የአክሲዮን ሻጭ ሲያጋጥምዎ መጠራጠር ይገባል።

ቦንድ የገዛ አበዳሪ፣ አክሲዮን የገዛ ባለቤት ነው። ለምሳሌ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. አክሲዮኖቹን በ300 ብር ለሕዝብ ሲያቀርብ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን ነበር፤ በ9,900 ብር የገዛው ሰው የድርጅቱ ባለድርሻ ሆነ እንጂ ገንዘብ አላበደረውም፤ ስለዚህም የሚመለስለት ዋና ገንዘብ የለም። ገንዘቡን ሲፈልግ አክሲዮኑን የሚገዛው ሰው ማግኘት አለበት። አክሲዮንና ቦንድ የሚሸጡበትና የሚገዙበት የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ቢሆንም፣ በዚያ የሚገበያዩት የተመዘገቡ ኩባንያዎች ሰነዶች ናቸው፤ ስለዚህ አክሲዮን ከመግዛትዎ በፊት ኩባንያው በገበያው ስለ መመዝገቡ፣ ካልተመዘገበም አክሲዮኑን ለሌላ ሰው ለማስተላለፍ መተዳደሪያ ደንቡ ምን እንደሚጠይቅ ይወቁ።