የኖርዘምብሪያን የዙፋን ጦርነቶች ስናነብና ስንጽፍ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከ616 እስከ 655 እ.ኤ.አ. በኖርዘምብሪያ፣ ማለትም በሰሜን እንግሊዝ በነበረው ግዛት፣ ማን ከማን ቀጥሎ እንደነገሠ በተራ ለመጻፍ የሞከረ ሰው መሃል ላይ ክሩ ይጠፋበታል። የሚያሳስተው የስሞቹ መመሳሰል ብቻ አይደለም፤ ከሌላ ዘመን ይዘነው የምንመጣው ግምት ይብሳል።

ኖርዘምብሪያን አንድ መንግሥት አድርጎ መቁጠር። የሌሎቹ ስህተቶች እናት ይህ ነው። በሰሜን ባምበርግ ላይ የተቀመጠው በርኒሺያና በደቡብ ዮርክን የያዘው ዴይራ የየራሳቸው ንጉሣዊ ቤት ነበራቸው። የበርኒሺያው ኤተልፍሪት ሁለቱንም ሲጠቀልል የዴይራው ኤድዊን ተሰደደ። በ616 የምሥራቅ አንግሊያው ንጉሥ ሬድዋልድ በአይድል ወንዝ ዳር ኤተልፍሪትን ገድሎ ኤድዊንን አነገሠ፤ አሁን በተራቸው የኤተልፍሪት ልጆች ወደ ሰሜን ተሰደዱ። ኤድዊን በ633 ሃትፊልድ ላይ ሲወድቅ ግዛቱ ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። ስለዚህ ወረቀታችሁ ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩ፤ አንዱ ለበርኒሺያ፣ አንዱ ለዴይራ፣ ሦስተኛው ለስደተኞቹ። ቀጣዩ ንጉሥ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሦስተኛው ዓምድ ነው።

ዙፋን ለበኩር ልጅ ይተላለፋል ብሎ ማሰብ። ከስደት ተመልሶ በ634 የነገሠው የኤተልፍሪት ልጅ ኦስዋልድ በ642 ሲገደል ኤተልዋልድ የሚባል ልጅ እያለው በርኒሺያን የያዘው ወንድሙ ኦስዊዩ ነው። የሚያስፈልገው የነገሥታት ደም፣ ጦር መምራት የሚችል ጉልበትና የሚከተል ሰው ነበር። የእናት ወገንም ይቆጠራል። ኦስዋልድ በአባቱ የበርኒሺያ ሰው ቢሆንም እናቱ አካ የኤድዊን እህት ነበረች፤ ሁለቱንም ቤት ለመያዝ ይህ ረድቶታል። ኦስዊዩ የኤድዊንን ልጅ ኤያንፍሌድን ማግባቱም ለዚሁ ነው። ጋብቻው ግን ብቻውን አልበቃም፤ ዴይራ ከ644 ጀምሮ ከራሷ ቤት የወጣ ኦስዊን የሚባል ንጉሥ ነበራት። በ651 ኦስዊዩ አስገደለው። ኤያንፍሌድ የሟች ዘመድ ስለነበረች ለደሙ ማስተሰረያ በተገደለበት በጊሊንግ ገዳም እንዲተከል አድርጋለች። ሚስቶቹንና እናቶቹን የዘለለ ሰው ይህ ገዳም ለምን እንደተሠራ ሊገባው አይችልም።

ጦርነቱን የክርስቲያንና የአረማዊ ፍልሚያ ማድረግ። ኤድዊንን የገደለው የብሪቶኖቹ (ከእንግሊዞቹ በፊት በአገሩ የነበሩት ሕዝብ) ንጉሥ ካድዋሎን ክርስቲያን ነበር፤ አብሮት የዘመተው በመካከለኛው እንግሊዝ የነበረው የሜርሲያ መሪ ፔንዳ ደግሞ አረማዊ። በ655 ኦስዊዩና ፔንዳ ዊንዌድ ላይ ሲገጥሙ ያ የኦስዋልድ ልጅ ኤተልዋልድ በፔንዳ ወገን ሆኖ መንገድ መራ፤ ውጊያው ሲጀመር ግን ዳር ቆሞ የሚያሸንፈውን ጠበቀ። ሁለቱ ጠላቶች ኦስዊዩና ፔንዳ ልጆቻቸውን ያጋቡ አማቶች መሆናቸውም መረሳት የለበትም።

የሠራዊቱን ብዛት ማጋነን። ታሪኩን የጻፈልን መነኩሴ ቤድ ፔንዳ ሠላሳ ሌጌዎን (የሮማውያን ትልቅ የጦር ክፍል ስም) ይዞ መጣ ይላል። ይህን በሮማውያን ሌጌዎን ማባዛት ከንቱ ድካም ነው፤ ያኔ «ጦር» ለመባል ብዙ ሰው አያስፈልግም ነበር። በዚያው መቶ ዘመን መጨረሻ የወጣው የዌሴክሱ ንጉሥ የአይኔ ሕግ እስከ 7 ሰው ሌቦች፣ ከ7 እስከ 35 ጭፍራ፣ ከዚያ በላይ ጦር ይላቸዋል።

የነገሥታቱን ዝርዝር ሳይመረምሩ መቀበል። ከኤድዊን ሞት በኋላ ኦስሪክ በዴይራ፣ ኤያንፍሪት በበርኒሺያ ነግሠው ሁለቱም ክርስትናን ተዉ፤ ሁለቱንም በዓመት ውስጥ ካድዋሎን ገደላቸው። ኋላ ስማቸው ሆን ተብሎ ከዝርዝሩ ወጣ፤ ዓመቱም ለኦስዋልድ ተጨመረ። ቤድ ለኦስዋልድ 9 ዓመት የሚሰጠው ያንን ጨምሮ ነው።

እ.ኤ.አ.ን ከእኛ ዓመተ ምሕረት ማደባለቅ። ኦስዋልድ የሞተው ኦገስት 5 ቀን 642 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ 634 ዓ.ም.። የነገሠበት ዓመት ደግሞ በእነሱ አቆጣጠር 634 ነው። «እ.ኤ.አ.» ካልተጻፈ በነገሠ ዓመቱ የሞተ ይመስላል። ያኔ የእኛ አዲስ ዓመት በእነሱ ኦገስት 29 ይውል ስለነበር፣ ከዚያ በፊት ለሆነው 8፣ በኋላ ለሆነው 7 ይቀነሳል፤ ኖቬምበር 15 ቀን 655 የተደረገው የዊንዌድ ውጊያ 648 ዓ.ም. ላይ ያርፋል።