በቤት የሚሠራ የኮምፔልሳቶ ካያክ፦ ችግርና መፍትሄ

በመሃል አዲስ አበባ፣ በልደታም ሆነ በአራት ኪሎ ጠባብ ግቢዎች ውስጥ ካያክ (በመቅዘፊያ የሚነዳ ጠባብ ጀልባ) ለመሥራት የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ መጋዝና ስለ ልኬት ነው። ይሁን እንጂ ጀልባውን የሚያበላሹት አብዛኞቹ ጉድለቶች የሚፈጠሩት ሙጫው በሚቀላቀልበት ኩባያ ውስጥና ሙጫው በሚደርቅበት ሌሊት ነው። 4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔልሳቶ ተቆርጦ፣ ጠርዝ ለጠርዝ በመዳብ ሽቦ ተሰፍቶ፣ ስፌቱ ከውስጥ በኤፖክሲ (ሁለት ፈሳሾች ተቀላቅለው በሚጠነክሩበት ሙጫ) እና በእንጨት ዱቄት ሊጥ ተሞልቶና በፋይበር ግላስ ጨርቅ ተሸፍኖ የሚሠራው ካያክ ክብደቱ ከ20 ኪሎ ግራም ብዙም ሳያልፍ አንድ ሰው ይሸከማል፤ ነገር ግን ምስማርም ሆነ ወፍራም የውስጥ ማገር የሌለው በመሆኑ ጥንካሬው ሙሉ በሙሉ የሙጫው ነው። ስለዚህ ከሙጫው እንጀምራለን።

ኤፖክሲው በማግስቱም ይጣበቃል

በመጀመሪያ የሚጣበቀው የት የት እንደሆነ በጥፍር እየተጫኑ መለየት ያስፈልጋል፤ መንስኤውን የሚናገረው ቦታው ነውና። እዚህም እዚያም ለስላሳ ሆኖ ሌላው ከደረቀ ሙጫው በደንብ አልተማሰለም ማለት ነው፤ በኩባያው ግርጌና ጎን የቀረው ሳይዋሐድ አብሮ ፈስሷል። ሁሉም ቦታ በእኩል ለስላሳ ከሆነ ግን ምክንያቱ ወይ ቅዝቃዜ ወይም የተሳሳተ መጠን ነው።

የመጠኑ ስሕተት በከተማችን የተለየ ምንጭ አለው። በመኪና ቀለም ቤቶች ስቱኮ የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ቶሎ እንዲደርቅላቸው ሲፈልጉ ሃርድነር (ማጠንከሪያ) ይጨምራሉ፤ ስቱኮው ለሚሠራበት ሙጫ፣ ለፖሊስተር፣ በልኩ እስከሆነ ድረስ ይህ ይሠራል፣ ምክንያቱም የፖሊስተር ሃርድነር ሥራውን የሚያስጀምር እንጂ የሙጫው ዋና አካል የሚሆን አይደለም። ኤፖክሲ ግን ሁለቱ ፈሳሾች እርስ በርሳቸው ተዋሕደው አንድ ጠጣር ነገር የሚሆኑበት ስለሆነ፣ ከልኩ በላይ የተጨመረው ሃርድነር የሚዋሐደው አጥቶ በሙጫው ውስጥ ይቀራል፤ ማድረቁን ማፋጠኑ ቀርቶ ለዘለቄታው ያለሰልሰዋል። አንዱ ምርት 2 ለ 1፣ ሌላው 5 ለ 1 ሊል ይችላል፤ መጠኑ በክብደት ነው ወይስ በይዘት የሚለውንም ከዕቃው ላይ ማንበብ ግዴታ ነው። በዓይን ግምት የተቀላቀለ ኤፖክሲ መፍትሄው አንድ ብቻ ነው፦ ያልደረቀውን በስፓቱላ ፍቆ ማንሣት፣ የቀረውን በአሴቶን መጥረግና እንደገና መቀባት። በላዩ አዲስ ሽፋን ማልበስ ችግሩን መሸፈን እንጂ መፍታት አይደለም።

ልኩ ትክክል ሆኖ ሳለ ካልደረቀ ቅዝቃዜውን እንመልከት። አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ይወርዳል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ ደግሞ ኤፖክሲ ለመድረቅ የሚፈጅበት ጊዜ በግምት እጥፍ ይሆናል። በቅዝቃዜ ብቻ የዘገየ ሙጫ አልተበላሸም፤ ጀልባውን በላስቲክ ድንኳን ሸፍኖ ከውስጥ የሚያሞቅ አምፖል፣ ላስቲኩንም ሆነ እንጨቱን እንዳይነካ ተጠንቅቆ፣ ማብራት ይበቃል። ከሰል ማንደድ ግን ፈጽሞ አይገባም። የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል፤ ከዚህም ሌላ ከሰሉ የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየሩ እርጥበት ጋር ሆኖ ከሃርድነሩ ጋር ስለሚዋሐድ በሙጫው ገጽ ላይ ቅባት የመሰለ ስስ ሽፋን ይፈጥራል።

ይህ ቅባት ያለ ከሰልም በክረምት ይመጣል። ከሥሩ ያለው ሙጫ ጠንካራ ሆኖ ገጹ ብቻ የሚያሙለጨልጭ ከሆነ ለብ ባለ ውኃና በሻካራ ስፖንጅ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ከዚያ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ወረቀቱ ቅባቱን ወደ ጭረቶቹ ይጠቀጥቀዋል፤ ቀጣዩም ሽፋን አይይዝም። በእኔ አስተያየት ከሐምሌ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ያለውን ጊዜ ለመቁረጥና ለመስፋት አውሎ፣ ሙጫውን ለመስከረም አጋማሽ ማቆየት ይሻላል።

ሙጫው ከኮምፔልሳቶው እንደ ልጣጭ ተላቀቀ

የተቀባው ፖሊስተር ሬዚን ነው ማለት ነው። ፖሊስተር በዋጋ ስለሚረክስና በቀላሉ ስለሚገኝ ብዙዎችን ያታልላል፤ ለፋይበር ግላስ ታንከር ጥሩ ቢሆንም እንጨት ላይ ያለው መያዝ ደካማ ነው። መፍትሄው ሁሉንም ልጦ በኤፖክሲ መተካት ነው።

ኩባያው ጨሰ

ኤፖክሲ ሲዋሐድ ሙቀት ያመነጫል፤ ጠባብና ጥልቅ ኩባያ ደግሞ ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል። ኩባያውን ወደ ውጭ አውጥቶ እስኪቀዘቅዝ መተው፣ ቀጥሎም በትንሽ በትንሹ አቀላቅሎ ወዲያው ወደ ሰፊ ዝርግ ዕቃ መገልበጥ ያስፈልጋል።

በሽፋኑ ላይ አረፋና የመርፌ ቀዳዳ ወጣ

በእንጨቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ያለው አየር ፀሐይ ስታሞቀው ይሰፋና ባልደረቀው ሙጫ በኩል ይወጣል። ጠዋት በግቢ ውስጥ የተቀባ ጀልባ፣ እስከ እኩለ ቀን ድረስ ሙቀቱ እየጨመረ ስለሚሄድ፣ አረፋ ያወጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሽፋን ሙቀቱ መውረድ ሲጀምር፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ መቀባት አለበት። ይህ ከላይ ስለ ሌሊት ቅዝቃዜ ከተባለው ጋር የሚጋጭ ይመስላል፤ ማስታረቂያው እንጨቱን ቀን አሙቆ በመውረጃው ሰዓት መቀባት፣ ሽፋኑ መጠንከር ሲጀምር ደግሞ ድንኳኑን ማልበስ ነው። የወጡት አረፋዎች ተፈግፍገው በስስ ሙጫ ይሞላሉ።

ኮምፔልሳቶው ንብርብሩ ተለያየ

ለቤት ውስጥ ዕቃ የተሠራ ኮምፔልሳቶ የተጣበቀበት ሙጫ ውኃ አይችልም፤ ከላይ ምንም ያህል ኤፖክሲ ቢቀባ አንድ ጭረት ውኃ ካስገባ ያብጣል። ከተሠራ በኋላ የሚበጅ መፍትሄ የለውም። ከመርካቶ ሙሉውን ጭኖ ከመምጣት በፊት ቁራጭ ወስዶ መቀቀል ነው። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ፈተናው ከባሕር ጠለል ይልቅ ይለዝባል፤ ስለዚህ ለሰዓታት ቀቅሎ፣ አድርቆ፣ ደግሞ መቀቀል ይገባል። ንብርብሩ በቢላ ጫፍ ከተከፈተ ሌላ ይፈለግ። ቢ ኤስ 1088 (ለጀልባ የሚሆን ኮምፔልሳቶ የእንግሊዝ ደረጃ) የሚል ማኅተም ያለው፣ ኦኩሜ ከተባለ ቀላል እንጨት የተሠራ ኮምፔልሳቶ ከተገኘ ቀላልም አስተማማኝም ነው።

ቅጥያው ሲታጠፍ ተሰበረ

የአንድ ኮምፔልሳቶ ርዝመት 2 ሜትር ከ44 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ሁለቱ ይቀጠላሉ። ቅጥያው የውፍረቱን 8 እጥፍ፣ ማለትም 32 ሚሊሜትር ተዳፋት ሆኖ በመላጊያ መላግ አለበት። ተዳፋቱ ልክ ሆኖ ከተሰበረ እንጨቱ ሙጫውን ጠጥቶታል፤ በመጀመሪያ ንጹሕ ኤፖክሲ ቀብቶ ማጥገብ፣ ቀጥሎ የወፈረውን መቀባትና ሳያጨንቁ በሞርሳ መያዝ ነው። የተለመደው ነጭ ኮላ እዚህ ቦታ የለውም። በነገራችን ላይ ሁለቱ ሲቀጠሉ ወደ 4 ሜትር ከ85 ይደርሳሉ፤ በዚህ ርዝመት የተሠራ ካያክ የኮንዶሚኒየም ደረጃ መታጠፊያ ላይ ሊቀር ስለሚችል፣ እንጨት ከመቁረጥ በፊት በዚያው ልክ ረጅም ቀርከሃ ይዞ ወጥቶ መሞከር ብልህነት ነው።

የስፌቱ ሊጥ ተሰነጠቀ

በሊጡ ውስጥ ከእንጨት ቤት የተዛቀ ሰጋቱራ እንዳለ ገብቷል። ሸካራው ሰጋቱራ በመካከሉ አየር ይይዛል፤ የሚፈለገው ከማለስለሻ ማሽን የሚወጣው ዱቄት ነው፣ እርሱም ተነፍቶ። የተሰነጠቀው ተፈልፍሎ ይሞላል። በሊጡ ውስጥ የቀረ የመዳብ ሽቦ እንቢ ካለ በመበየጃ ካውያ አሙቆ በፒንሳ መሳብ ነው።

ካያኩ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል

አስቀድሞ መቀመጫው መሃል ላይ መሆኑንና ነፋስ አለመኖሩን ማረጋገጥ ይገባል። መንስኤው ከሁለቱ አንዱም ካልሆነ ገላው ሲጣበቅ ተጣሟል፤ የተቀመጠበት ድጋፍ እኩል አልነበረም። ከመጣበቁ በፊት ሁለት ቀጥ ያሉ ጣውላዎችን በፊትና በኋላ አጋድሞ፣ ከጫፍ ሆኖ በዓይን ማነጻጸር ጥመቱን ያጋልጣል፤ ያኔ ሽቦ በማላላት ይስተካከላል። ከደረቀ በኋላ ያለው አማራጭ ከኋላ፣ ከሥሩ፣ ትንሽ ክንፍ መለጠፍ ብቻ ነው።

ላንጋኖ ሲደርስ የጀልባው የላይኛው ገጽ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ክዳኑም አልከፈትም ብሏል

ይህ ከደጋ ወደ ስምጥ ሸለቆ ለሚወርድ ጀልባ የሚደርስ ችግር ነው። አየር እንዳያስገባ ተደርጎ የታሸገው የጀልባው ክፍል የአዲስ አበባን ስስ አየር ይዞ ይወርዳል፤ ላንጋኖ ከ1,600 ሜትር በታች ስለሆነ የውጭው አየር በእያንዳንዱ ስኩዌር ሜትር ላይ ወደ 700 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ተጨማሪ ጫና ሊያሳድር ይችላል። 4 ሚሊሜትር ኮምፔልሳቶ ይህን አይችልም። ክዳኖቹ ጉዞ ላይ ተከፍተው ይሂዱ፤ ክዳን የሌለው ክፍል ከሆነ ደግሞ በውስጥ ግድግዳው ላይኛ ክፍል 2 ሚሊሜትር ቀዳዳ በትራፓኖ ይበሳ። በእንዲህ ያለ ቀዳዳ የሚገባው ውኃ በጥቂት ጨርቅ የሚጠረግ ነው።