የከተማ ማቋቋሚያ ሕግ ክለሳ ሲታቀድ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች፦ ደሴን ይዘን

ስህተቱ የሚጀምረው ከስሙ ነው። ብዙዎች «የደሴ ቻርተር» ይላሉ። ቻርተር፣ ማለትም ለአንድ ከተማ ብቻ የወጣ ማቋቋሚያ ሕግ፣ ያላቸው ግን አዲስ አበባ (አዋጅ ቁጥር 361/1995) እና ድሬዳዋ (አዋጅ ቁጥር 416/1996) ሲሆኑ፣ ሁለቱንም ያወጣው የፌዴራሉ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ደሴና ኮምቦልቻ የሚተዳደሩት በአማራ ክልል የከተሞች ማቋቋሚያ አዋጅ ነው። ስለዚህ የ361ን አንቀጾች ገልብጦ የከተማውን ስም መቀየር ወረቀት ማባከን ነው። የከተማው ምክር ቤት የክልል አዋጅ አያሻሽልም፤ በጥናት የተደገፈ የማሻሻያ ሐሳብ ለክልሉ ያቀርባል እንጂ። አዋጁ የሌሎች ከተሞችም ስለሆነ፣ ለደሴ ብቻ የተሰፋ አንቀጽ እዚያ ሲደርስ ይወድቃል።

ሁለተኛው ስህተት ቅሬታን ሁሉ አንቀጽ ማድረግ ነው። «ቆሻሻ በጊዜው አይነሣም» የሚለው የውል ወይም የበጀት ጉዳይ ነው፤ አዋጅ ስለተሻሻለ መኪናው አይመጣም። ባለ አራት ዓምድ ሠንጠረዥ ይሠራ፦ ቅሬታው፣ የሚመለከተው አንቀጽ፣ ክፍተቱ፣ መፍትሔው። በመጨረሻው ዓምድ «አዋጅ»፣ «ደንብ»፣ «መመሪያ» ወይም «አፈጻጸም» ከሚሉት አንዱ ብቻ ይጻፍ። «አፈጻጸም» የተባለው ሁሉ ወዲያው ለከተማው ሥራ አስኪያጅ ይመራ። ለአዋጅ የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ ዋናው የከንቲባውና የሥራ አስኪያጁ ድንበር ይሆናል። እዚህ ላይ «ያስተባብራል»፣ «ይከታተላል» የሚሉ ግሶች ጠብ ይወልዳሉ። ማን ይቀጥራል? ማን ይፈርማል? ማን ያጸድቃል? ረቂቁ «ይቀጥራል»፣ «ይፈርማል»፣ «ያጸድቃል» በሚሉ ግሶች ይጻፍ።

ገንዘቡም ይረሳል። አዲስ ተግባር ሲጨመር ወጪው ከየትኛው የማዘጋጃ ቤት ገቢ እንደሚሸፈን አጠገቡ ካልተጻፈ፣ ተግባሩ ወረቀት ላይ ይቀራል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የጊዜ ሰሌዳው ከዚያ ቀን ወደ ኋላ ይቆጠር።

የሕዝብ ውይይት በአንድ አዳራሽ ጠርቶ «ሕዝቡ ተወያይቷል» ማለትም የተለመደ ነው። ሆጤ፣ አራዳ፣ ሰኞ ገበያ እያሉ በየሰፈሩ መሄድ ይሻላል። ሰኞ ነጋዴው ገበያ ነው፣ ዓርብ ቀትር ደግሞ የጁምዓ ሰዓት ነው። ረቂቁ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ይበተን።

የቦርከና ወንዝ ከደሴ ወርዶ ኮምቦልቻን ያቋርጣል፤ ስለ ፍሳሽና ጎርፍ የሚጻፈው አንቀጽ ኮምቦልቻ ሳይጠየቅ አይዘጋ።

በመጨረሻም «ይህን አዋጅ የሚቃረን ማንኛውም ሕግ ተፈጻሚነት አይኖረውም» የምትለው ዓረፍተ ነገር ብቻዋን አትበቃም። የሚሻሩት ደንቦችና መመሪያዎች በቁጥር ይዘርዘሩ፤ የተጀመሩ ጉዳዮች በየትኛው ሕግ እንደሚያልቁም በመሸጋገሪያ ድንጋጌ ይጻፍ።